ለአባቴ፦ ባቡር ስለማይገባበት የኩኒታቺ ጣቢያ

ለውድ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልሁ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እማማም የጉልበቷ ሕመም ቀለል እንዳለላት ከወንድሜ ሰምቼ እጅግ ደስ ብሎኛል።

ባለፈው የላክሁልዎትን ፎቶግራፍ አይተው በስልክ የጠየቁኝን ጥያቄ ያን ጊዜ በችኮላ ልመልሰው አልፈለግሁም። «ያን የመሰለ ፈጣን ባቡር የሚሠራ አገር ይቺን የእንጨት ቤት አዲሱ ጣቢያ ፊት ለምን ገተራት?» ነበር ያሉኝ። ዕድሜዎን በድሬዳዋ ምድር ባቡር የጥገና ክፍል የጨረሱ ሰው እንደመሆንዎ፣ ጥያቄው ለጨዋታ ያህል የቀረበ አለመሆኑን ዐውቃለሁ። የቤቲቱን ታሪክ ከሥሩ ካልተረኩልዎት መልሱ መልስ አይሆንምና ደብዳቤው ቢረዝምብዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን ሁሉ የምጽፍልዎት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጣቢያው ኩኒታቺ ይባላል። ከቶኪዮ ዋና ጣቢያ በስተምዕራብ 34.5 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ቹኦ በሚባለው መስመር ላይ ይገኛል። መስመሩን በመጀመሪያ የዘረጋው መንግሥት ሳይሆን ኮቡ የተባለ የግል ኩባንያ ነበር፤ ከሺንጁኩ እስከ ታቺካዋ ያለው ክፍል በ1889 በሚያዝያ ወር ተከፈተ፣ በ1906 ደግሞ መንግሥት ጠቀለለው። የእኛ መስመር ሥራ ከጅቡቲ በኩል የተጀመረው በ1897 ስለሆነ ይህኛው በስምንት ዓመት ይበልጠዋል ማለት ነው። የሐዲዱ ስፋት 1067 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእኛ አሮጌው መስመር አንድ ሜትር ልክ ስለነበር በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከአንድ ስንዝር ያንሳል። ጃፓኖች ሰፊውን 1435 ሚሊ ሜትር ለፈጣኑ ባቡርና ለአንዳንድ የግል መስመሮች ሲይዙ፣ የቀረው የአገሪቱ ሐዲድ አብዛኛው እስከ ዛሬ በጠባቡ ልክ ይሠራል፤ እርስዎ «ጠባብ ሐዲድ ቀርፋፋ ነው የሚሉ ሰዎች ባቡር አያውቁም» ሲሉ የነበረውን እዚህ በየቀኑ አየዋለሁ። አንድ የሚያስቀናዎት ነገር ግን አለ። ከሂጋሺ ናካኖ ተነሥቶ እስከ ታቺካዋ ድረስ ሐዲዱ ለ25 ኪሎ ሜትር ያህል በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። የአዋሽን ገደል ለማለፍ የተደከመውን ድካም ለሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ሜዳ ማግኘት ዕድል ነው።

መስመሩ በተከፈተበት ዘመን ኩኒታቺ የሚባል ስፍራ አልነበረም። ያሆ የምትባል መንደር ነበረች፤ ሰዎቿም የሚኖሩት ከሐዲዱ ርቀው በስተደቡብ፣ በድሮው የኮሹ መንገድ ዳርና በእርሻቸው አካባቢ ነበር። በስተሰሜን፣ ባቡሩ በሚያልፍበት በኩል የነበረው ማገዶ የሚለቀምበትና ቅጠሉ ለማዳበሪያ የሚጠረግበት ጫካ ነው። ባቡሩ ከ35 ዓመታት በላይ በዚያ ጫካ መካከል ሳይቆም አለፈ። የሚያወርደውም የሚያሳፍረውም ሰው አልነበረምና አይፈረድበትም።

ነገሩን የለወጠው የመሬት መንቀጥቀጡ ነው። በመስከረም 1 ቀን 1923 ቶኪዮንና ዮኮሃማን ያወደመው መንቀጥቀጥ፣ በተለይም ተከትሎት የመጣው ቃጠሎ፣ ከ100,000 በላይ ሰው ፈጀ። ቤት ንብረቱን ያጣው የከተማ ሕዝብ ወደ ምዕራቡ ገጠር ዐይኑን ማንሣት ጀመረ። በከተማው መካከል ሂቶትሱባሺ በተባለው ሰፈር የነበረው የቶኪዮ የንግድ ዩኒቨርሲቲም ሕንፃዎቹ ስለወደሙ የሚዛወርበት ቦታ ይፈልግ ነበር። በዚህ ጊዜ ነው ቱትሱሚ ያሱጂሮ የተባለ ነጋዴ ወደ ታሪኩ የሚገባው። ይህ ሰው ሃኮኔ ቶቺ የተባለ የመሬት ኩባንያ መሪ ነበር፤ ኋላ ደግሞ ሰይቡ የተባለውን የባቡርና የንግድ ድርጅት ያቋቋመ፣ በ1950ዎቹም የጃፓን ፓርላማ አፈ ጉባኤ እስከ መሆን የደረሰ ነው። የያሆን ጫካ ከገበሬዎቹ ገዝቶ ዩኒቨርሲቲውን ለማስፈር፣ በዙሪያውም ለከተሜዎች የመኖሪያ ቦታ ሸንሽኖ ለመሸጥ ተዋዋለ።

ልብ ይበሉልኝ፤ ይህ ሰው በጎ አድራጊ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ካለ ቦታ ይሸጣል የሚል ሒሳብ ነው የያዘው። ይህንኑ ሒሳብ በሌላም ስፍራ ሞክሮት ነበር፤ ኦይዙሚ በተባለው ቦታ «የትምህርት ከተማ» ብሎ ስም አወጣ፣ መሬት ሸነሸነ፣ ነገር ግን ዩኒቨርሲቲ ሳይመጣለት ቀረ። ስሙ ግን እስከ ዛሬ በጣቢያው ላይ ተጽፎ ይነበባል። በኩኒታቺ ሒሳቡ ሠራለት።

ዩኒቨርሲቲ ያለ ባቡር አይሆንም። የመንግሥት የባቡር መሥሪያ ቤት ደግሞ ሰው ለሌለው ጫካ ጣቢያ የሚሠራበት ምክንያት አልነበረውም። ስለዚህ ኩባንያው የጣቢያውን ቤት በራሱ ወጪ ሠርቶ ለመንግሥት ለማስረከብ ተስማማ። ጣቢያው ሚያዝያ 1 ቀን 1926፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 23 ቀን 1918 ዓ.ም. ተከፈተ። ስሙንም ከግራና ከቀኝ ጎረቤቶቹ ተዋሰ፤ ከኮኩቡንጂ የመጀመሪያውን የጽሕፈት ምልክት፣ ከታቺካዋም እንዲሁ የመጀመሪያውን ወሰዱና አጋጠሟቸው። ቤቲቱ ትንሽ ናት። ከእንጨት የተሠራች፣ ግድግዳዋ ነጭ፣ ጣራዋ ቀይና ሹል ሦስት ማዕዘን የሆነ፣ የጣራዋ አንዱ ክንፍ ከሌላው የረዘመ፣ በግንባሯ ላይ ቅስት መስኮቶች ያሏት ናት። በዚያ ዘመን በነበረው የጃፓን ገጠር እንዲህ ያለ መልክ እንግዳ ነገር እንደነበር አያጠራጥርም፤ ኩባንያው ቦታውን ለማየት ከባቡር የሚወርደውን ገዢ በመጀመሪያ እይታ እንድትማርክለት የሠራት ማስታወቂያው ነበረች ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

እኔን ከቤቲቱ ይልቅ የሚደንቀኝ ግን በፊቷ የተዘረጋው ከተማ ነው። ከጣቢያው ደጃፍ ክብ አደባባይ አለ፤ ከአደባባዩ ሦስት መንገዶች ይፈልቃሉ። አንደኛው ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚሄደው ሲሆን ሰማይ በጠራ ቀን የፉጂ ተራራ በመንገዱ ጫፍ ስለሚታይ ፉጂሚ ይባላል። ሁለተኛው ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ፀሐይ መውጫ ያዘነብላልና የማለዳ ፀሐይ ስም ተሰጥቶታል። መካከለኛው ዋናው የዩኒቨርሲቲ ጎዳና ነው፤ ስፋቱ 44 ሜትር ያህል ነው፣ ቀጥ ብሎም ወደ ደቡብ ይወርዳል፣ የዩኒቨርሲቲውም ግቢ በግራና በቀኙ ተከፍሎ ተቀምጧል። መኪና ብርቅ በነበረበት በ1920ዎቹ በጫካ መካከል 44 ሜትር መንገድ መጥረግ ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት። አዲስ አበባ ከቸርችል ጎዳና ላይ ሆነው ቁልቁል ሲመለከቱ ለገሃር በመጨረሻው ላይ ተቀምጦ እንደሚታይዎት ሁሉ፣ እዚህም ከጎዳናው ላይ ሆኖ ወደ ሰሜን ለሚመለከት ሰው ያቺ ቀይ ሦስት ማዕዘን በጎዳናው ራስ ላይ ትታያለች። የለገሃርም ሕንፃ የተመረቀው በ1929 ስለሆነ ሁለቱ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። ልዩነቱ ለገሃር የደረሰው ከተማው ከቆመ በኋላ ሲሆን፣ በኩኒታቺ ግን ጣቢያው ቀድሞ ከተማው ተከተለ። በዚህ ረገድ ኩኒታቺ ከአዲስ አበባ ይልቅ ለድሬዳዋ ትቀርባለች፤ ሐዲዱ ወደ ሐረር መውጣት አቅቶት በ1902 ከተራራው ግርጌ ሲቆም፣ የኩባንያው ሰዎች ከጣቢያው ፊት ቀጥ ያሉ፣ ዛፍ የተተከለባቸውን የከዚራን መንገዶች አሰመሩ፣ ከተማውም ከዚያ ተወለደ። እኔም እዚህ በመጣሁ ሰሞን ቤት ስፈልግ ወደዚህ ሰፈር ልቤ ያደላው ይህ መመሳሰል ሳይታወቀኝ ገፋፍቶኝ ይሆናል።

መሬቱ እንደታሰበው ቶሎ አልተሸጠም፤ ዓለምን ያናወጠው የኢኮኖሚ ውድቀት ጃፓንንም አላለፋትም። የሆነ ሆኖ የኤሌክትሪክ ባቡር በ1929 ኩኒታቺ ደረሰ፣ ዩኒቨርሲቲውም ቀስ በቀስ ተጠቃሎ ገባ፣ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም መጣ። በ1930ዎቹ አጋማሽ ነዋሪዎቹ የአልጋ ወራሹን መወለድ ምክንያት አድርገው በዋናው ጎዳና ግራና ቀኝ የቼሪና የጊንኮ ዛፎች ተከሉ። ዛሬ በመጋቢት ማለቂያ ቼሪው ሲያብብ ከሩቅ ሳይቀር ሰው እየመጣ ያያል፤ በኅዳር መጨረሻ ደግሞ ጊንኮው ቢጫ ይለብሳል።

ከጦርነቱ በኋላ የሆነውን አንድ ነገር ሳልነግርዎት አላልፍም፤ ምክንያቱም የዚህችን ከተማ ሰዎች ጠባይ ያሳያልና። ጎረቤቷ ታቺካዋ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ስለነበራት ከ1945 በኋላ የአሜሪካ ጦር ሰፈር ሆነች። የኮሪያ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ወታደሩ በዛ፤ ወታደሩ ሲበዛ መጠጥ ቤቱና የሴተኛ አዳሪው ንግድ ከታቺካዋ ሞልቶ ወደ ኩኒታቺ ይፈስ ጀመር። በዚያን ጊዜ እናቶች፣ ተማሪዎችና መምህራን ተሰባስበው ከተማችን በሕግ የትምህርት ቀጠና ተብላ እንዲህ ያለው ንግድ ይከልከልልን ሲሉ ተነሡ። ገንዘብ ይቀርብናል ያሉ ነጋዴዎችም ስለነበሩ ክርክሩ ከባድ ነበር። በመጨረሻ በ1952 ቀጠናው ታወጀ። ቀደም ብሎ በ1951 የያሆ መንደር ወደ ከተማነት ሲያድግ ስሙን ትቶ የጣቢያውን ስም ወስዶ ነበር፤ ከጎረቤቶች በተዋሰው ስም የተጠራው ጣቢያ በተራው ስሙን ለከተማው አወረሰ። በስፋት ከጃፓን እጅግ ትንንሾቹ ከተሞች አንዷ ናት፤ ከስምንት ካሬ ኪሎ ሜትር እምብዛም አትበልጥም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። የቹኦ መስመር እጅግ የተጨናነቀ ነው። ሐዲዱ በምድር ላይ በነበረ ጊዜ በመሻገሪያዎቹ ላይ ያለው የመኪና ማገጃ ግንድ በሥራ መውጫና መግቢያ ሰዓት ብዙም አይነሣም ነበር፤ አንዱ ባቡር ሲያልፍ ሌላው ይደርሳል፣ ሰዉም መኪናውም ቆሞ ይቀራል፣ የእሳት አደጋ መኪና ሳይቀር ይዘገያል። ስለዚህ ከሚታካ እስከ ታቺካዋ ካለው 13 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ አብዛኛው ወደ ኮንክሪት ድልድይ ላይ እንዲወጣና 18 መሻገሪያዎች እንዲጠፉ ተወሰነ። ይህን ሥራ ባቡሩን ሳያቆሙ መሥራታቸው ብቻ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይወጣዋል። በኩኒታቺ በኩል ወደ ታቺካዋ የሚሄደው ሐዲድ በ2009፣ ወደ ቶኪዮ የሚመጣው ደግሞ በ2010 ወደ ላይ ወጣ። ነገር ግን ለሥራው ቦታ ያስፈልግ ነበርና ቀይ ጣራዋ ቤት መነሣት ነበረባት።

እዚህ ላይ ነው የከተማው ሰው እንደገና የተነሣው። ፊርማ ተሰበሰበ፣ በምክር ቤት ተከራከሩ፣ ክርክሩም ዓመታት ፈጀ። ለአሮጌ ቤት የሕዝብ ገንዘብ ማውጣት ምን ይባላል ያሉ ነበሩ፤ እነርሱም ቢሆኑ የሚናቅ ነገር አልተናገሩም። በመጨረሻ ቤቲቱ በ2006 በጥንቃቄ ተፈታች፤ እንጨቷም ተለይቶ መጋዘን ገባ። ባቡሮች ከላይ እየሄዱ፣ ከተማውም ያለ ቀይ ጣራው ከ13 ዓመታት በላይ ኖረ።

ነገር ግን ከእንጨቱ ይልቅ አስቸጋሪው ሕጉ ነበር። በጃፓን ከተሞች መካከል፣ በተለይ በጣቢያ አካባቢ፣ ለእሳት መከላከል ሲባል እንዲህ ያለ የእንጨት ሕንፃ እንደ አዲስ መሥራት አይፈቀድም። በአንድ በኩል የፈታኸውን ቤት በሌላ በኩል ልትተክል ስትል በሕግ ዐይን አዲስ ቤት መሥራትህ ነው። መውጫው አንድ ብቻ ነበር፤ ከተማው ቤቲቱን ሳይፈታት በፊት በቅርስነት መዘገባት፤ የተመዘገበ ቅርስ በመሆኗም ከሕንፃ ሕጉ ነፃ የምትሆንበት በር ተከፈተ። ይህን ሳነብ አባባ፣ እርስዎ ትዝ አሉኝ። «መጀመሪያ ወረቀቱን ጨርስ፣ ብሎኑን ኋላ ፍታ» ይሉን ነበር። የኩኒታቺ ሰዎች ያደረጉት በትክክል ይህንኑ ነው።

ከተማው ከባቡር ድርጅቱ መሬቱን ገዝቶ ቤቲቱን ከቀድሞ ቦታዋ ብዙ ሳትርቅ አቆማት። ከአሮጌው እንጨት ሊያገለግል የሚችለው አብዛኛው ተመልሶ ገባ፤ የተበላሸው ብቻ በአዲስ ተተካ። መልኳንም በኋለኞቹ ዓመታት ከተቀጠሉባት ነገሮች አንጽተው በ1926 እንደነበረችው አደረጓት። ለዚህም የእንጨቶቹን የምስማርና የመገጣጠሚያ ምልክት እየመረመሩ፣ የድሮ ፎቶግራፎችን እያስተያዩ ሠርተዋል። በሚያዝያ 4 ቀን 2020 ለሕዝብ ተከፈተች፤ የኮሮና ወረርሽኝ በተስፋፋበት ወቅት ስለነበር የተጓጓለት ቀን እንደታሰበው ሊደምቅ አልቻለም። ዛሬ ትኬት አይቆረጥባትም፣ ባቡርም አይገባባትም። በውስጧ ስለ ከተማው መረጃ የሚሰጥ ክፍል፣ አነስተኛ የታሪክ ማሳያና ሰው ያለ ክፍያ የሚቀመጥበት ስፍራ አለ። ዋናው ጣቢያ ከጀርባዋ በኮንክሪቱ ድልድይ ሥር ነው፤ ከወረርሽኙ በፊት በየቀኑ ከ50,000 የማያንስ ሰው ይሳፈርበት ነበር። ያ አዲሱ ጣቢያ ንጹሕና ምቹ ነው፤ ነገር ግን ከአጠገቡ ካሉት የዚያው መስመር ጣቢያዎች የሚለየውን ነገር ንገረኝ ቢሉኝ የምነግርዎት የለኝም።

በዚያው ዓመት፣ በዚሁ በቶኪዮ፣ ተቃራኒው ደግሞ ሆነ። በ1924 የተሠራውና ከኩኒታቺ በሁለት ዓመት የሚበልጠው የሃራጁኩ የእንጨት ጣቢያ በጎኑ አዲስ ጣቢያ ተሠርቶለት፣ እርሱ በ2020 መፍረስ ጀመረ። ምክንያቱ ያው የእሳት ሕግ ነው። የባቡር ድርጅቱ መልኩን በማይቃጠል ቁሳቁስ እንደገና እንደሚያሠራ ተናግሯል። በሃራጁኩ በየቀኑ የሚያልፈው ሰው ቁጥር ስፍር የለውም፤ ለኩኒታቺ ግን ጎዳናው ሁሉ ወደ ጣቢያዋ እንዲያይ ሆኖ የተሠራላት በመሆኑ፣ ቤቲቱ ስትነሣ የከተማው ፊት የጎደለ መሰለ፤ ሃራጁኩ እንዲህ ያለ ባለቤት አልነበረውም። ለጥያቄዎ ከሁሉ የቀረበው መልስ ይህ ይመስለኛል። ያቺ ቤት ለባቡሩ ጥቅም ሲባል አልተመለሰችም፤ የሦስቱ መንገዶች መነሻ እርሷ ስለሆነች፣ ያለ እርሷ የከተማው አቀማመጥ ትርጉም ስለሚያጣ ነው።

የፈጣኑን ባቡር ነገር ስላነሡት ግን አንድ የሚያስደስትዎትን ልንገርዎት። ከጣቢያው በስተሰሜን፣ እኔ ከምኖርበት ሳይርቅ፣ የጃፓን የባቡር ቴክኒክ ምርምር ተቋም ይገኛል። በ1964 በሰዓት 210 ኪሎ ሜትር መብረር የጀመረው የሺንካንሰን ባቡር የተጠናው በዚህ ተቋም ነው፤ ሂካሪ የተባለው የዚያ ባቡር ስም ለሰፈሩ ተሰጥቶ የተቋሙ አካባቢ ዛሬ ሂካሪ ይባላል። በዚያ ሰፈር በ1972 በሙከራ በሰዓት 286 ኪሎ ሜትር የሮጠ ፉርጎ ለሕዝብ ማሳያ ቆሟል፤ ልጆች ገብተው ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ። ስለዚህ እርስዎ የሚቃረኑ የመሰሉዎት ሁለት ነገሮች፣ ፈጣኑ ባቡርና የእንጨቷ ቤት፣ በአንድ ጣቢያ ግራና ቀኝ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ማንም ሰው የሚቃረኑ አድርጎ ሲያያቸው አላጋጠመኝም። እርስዎ የዘጉትን ብሎን በሚሊ ሜትር ይለኩ የነበሩ፣ ማታ ደግሞ የአያቴን ዘመን የእንጨት ሳጥን በዘይት የሚወለውሉ ሰው አልነበሩምን?

ይሁንና ሁሉም ነገር በስምምነት እንደሚሄድ አድርጌ እንዳላሳስትዎት። ከዋናው ጎዳና ዳር በተሠራ ረጅም የመኖሪያ ሕንፃ ምክንያት ነዋሪዎች ፍርድ ቤት ሄደው ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ2006 ሰው የሚኖርበትን አካባቢ መልክ የመጠበቅ ጥቅም በሕግ ሊታይ እንደሚገባው ተቀበለ፤ ነገር ግን በዚያ ሕንፃ ላይ የቀረበውን አቤቱታ ውድቅ አደረገ። በ2024 ደግሞ በፉጂሚ ጎዳና ላይ ባለ አሥር ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ ተሠርቶ ሊያልቅ፣ ለገዢዎች ሊተላለፍ ጥቂት ሲቀረው፣ የፉጂን ተራራ እይታ እንደሚሸፍን በመታየቱ ባለቤቱ ኩባንያ ራሱ እንዲፈርስ ወሰነ። ወሬው በአገሩ ሁሉ ተዳረሰ፤ አንዳንዱ አደነቀ፣ አንዳንዱም የተጠናቀቀ ቤት ማፍረስ ምን የሚሉት ሥራ ነው ብሎ አዘነ። እኔ በግሌ ከሁለተኞቹ ወገን ነኝ። መጀመሪያውኑ ሳይሠሩት ማሰብ ይቻል ነበር፤ ቁመቱ በወረቀት ላይ ሳለም ይታይ ነበርና።

አንድ የምለምንዎት ነገር አለኝ። ኩኒታቺዎች ቤታቸውን እንደነበረች አድርገው ማቆም የቻሉት እንጨቱን ስለያዙ ብቻ ሳይሆን፣ ፎቶግራፍና መረጃ ስለነበራቸው ነው። የእኛ አዲሱ መስመር በሰፊው ሐዲድ ተዘርግቶ ከተከፈተ ወዲህ ጣቢያው ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብሎ ተሠርቷል፤ በከዚራ ያለው አሮጌው ጣቢያና የእርስዎ ወርክሾፕ ግን ከእርስዎ ዘመን ሰዎች ውጭ በውስጡ ምን ምን እንደነበረ በዝርዝር የሚያውቅ ሰው እየጠፋ ነው። ስለዚህ ወንድሜ ቅዳሜ ሲመጣ ስልኩን ከፍቶ ድምፅዎን ይቅረጽ፤ የተሳፋሪ መቆያው ወንበር በየት በኩል እንደነበረ፣ የሰዓቱ ደወል ከማን ክፍል እንደሚደወል፣ የትኬት መስኮቶቹ ስንት እንደነበሩና የትኛው ለሦስተኛ ማዕረግ እንደሆነ፣ በወርክሾፑ ውስጥ የእያንዳንዱ መሣሪያ ቦታ የት እንደነበረ ከበር ጀምረው በቅደም ተከተል ይንገሩት። ከጡረታ ባልደረቦችዎ መካከል የድሮ ፎቶግራፍ ያለው ካለም ወንድሜ ቤቱ ድረስ ሄዶ በስልኩ ያንሣው፤ ዋናውን አይቀበለው፣ ከባለቤቱ እጅ አይውጣ። እኔ በበኩሌ በኩኒታቺዋ ቤት ማሳያ ክፍል ውስጥ ካሉት የቀድሞ ፎቶግራፎች ማንሣት የሚፈቀደውን አንሥቼ፣ ከእያንዳንዱ ሥር በአማርኛ ማብራሪያ ጽፌ በሚቀጥለው ፖስታ እልክልዎታለሁ።

ለእማማ፣ ለእትዬና ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። መድኃኒትዎን በሰዓቱ መውሰድዎን እንዳይረሱ፤ ወንድሜ ቅዳሜ ሲመጣ ስለዚሁም እንዲጠይቅዎት ነግሬዋለሁ፣ እንዳይቆጡት።

አክባሪ ልጅዎ፣
ከኩኒታቺ